ሃሚልተንና ቆስጤ አምባ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ «አያቴ፣ ሃሚልተን የሚባል ከተማ ስንት ነው መሰለሽ!» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ካናዳ አለ፣ አውስትራሊያ አለ፣ ኒውዚላንድም አለ። እኔ ይህን የሰማሁት እሱ ቀርቶ አባቱም ሳይታሰብ ነው።

በንጉሡ ዘመን ደብረ ብርሃን ስማር የጂኦግራፊ መምህራችን ስኮትላንዳዊው ሚስተር ሃሚልተን ነበሩ። አንድ ቀን በስማቸው የሚጠሩትን ከተሞች በዘንግ እየነኩ አሳዩን። እኛ መንዞች ደግሞ አገር በአቅኚው አባት ስም ከተጠራ፣ ዘሩ ነኝ የሚል ሁሉ ትውልዱን ቆጥሮ ርስቱን ይጠይቃል። እጄን አወጣሁና «ታዲያ ከየትኛው መሬት ደረሰዎት?» አልኳቸው።

«ጭብጥ አፈር እንኳ የለኝም» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ተናደድኩ። ባዶ ስም ምን ያደርጋል?

ንዴቴስ በራሴ ቤት ጉዳይ ነበር። እናቴ ባሏ ሲሞትባት ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ቆስጤ አምባ ብትመለስ፣ የአባቷን መሬት የያዘው የሩቅ ዘመዷ ደምሴ «አግብታ የሄደች ባዳ ናት» ብሎ ከልክሏት ነበር።

ለገና ቆስጤ አምባ ስገባ ገብሱ አውድማ ላይ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸታል። ሽማግሌዎቹ ጉዳያችንን ሊዳኙ በርኖሳቸውን ተከናንበው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀመጡ። ሕጉ አንድ ነው፤ ስም ሳይዘሉ እስከ አቅኚው እስከ ቆስጤ መቁጠር። መቁጠር ያቃተው ባዳ ይባላል። እናቴ ስትጀምር ደምሴ እየጮኸ አደነጋገራት። ብድግ አልኩ።

«አይ ጉድ! የፈረንጅ ተማሪ ርስት ልትቆጥር?» አለ።

ከእናቴ እስከ ቆስጤ ሰባቱን ቆጠርኩ። ከዚያ ዞርኩበት። «አያ ደምሴ፣ እኔ ጨርሻለሁ። እስቲ እርስዎም ይቁጠሩ!» ተናድጄም አንቱታውን አልተውኩም።

«ምን ያለችው ደፋር ናት!» ተባለ። ሽማግሌዎቹ ግን «እውነቷን ነው፣ ቁጠር» አሉት። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ሦስተኛው ላይ ጭጭ። በዚያ ብርድ ላብ በላብ ሆነ። ልቤ ጮቤ ረገጠ።

እናቴ ተነሳች። «ቅድመ አያትህ ይፍሩ ይባላል» አለችው፣ ሁሉም እየሰማ። «ስሙን እንካ። መሬቴን ልቀቅ!»

ለቀቀ።

ዛሬ ርስት በአዋጅ ቀርቷል፣ እናቴም ካለፈች ቆይታለች። ያን ቀን ግን ባላንጣዋን አዳነች ብዬ ሳምንት ሙሉ አኩርፌያታለሁ። ደፋር የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ደፋሯስ እሷ ነበረች። መሬቷን ያስመለሰችው እሱን ባዳ ሳታደርግ ነው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን፣ እውነቱን ልናገር፣ ዝም ብዬ አየው ነበር።