የማዳም ጤነኛ ዓይን

ዓይኔ ደም መስሎ ሳምንት ሲሞላው፣ እዚህ ጅቡቲ፣ ጋቦዴ ሰፈር ቤቷ ተቀጥሬ የምሠራላት ማዳም ብርጭቆዬንና ፎጣዬን ለየችብኝ። መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት የማፈሰው በረኪና ነው ያቀላው ብላት አልሰማችኝም።

«ከአገርሽ ይዘሽው የመጣሽው ነው፤ ልጆቼ ላይ ታጋቢያለሽ» አለችኝ። ቤቷ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ስድስት ዓመት የሚደበቅ የዓይን በሽታ አለ እንዴ?

ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ስለ በረኪናው ከሰማኝ በኋላ የዓይንን ስስ ሽፋን አጉልቶ ስክሪን ላይ በሚያሳይ ማሽን አየኝ።

«ዓይን ሲታመም የሰውነት ወታደሮች ነጭ ነጭ ሆነው እዚህ ይሰበሰባሉ። እሷ ጋ ብዙም የሉም። በረኪናው ነው ያቀላባት» አላት።

ማዳም አላመነችም። «የጤነኛ ሰው ዓይን በእኔ ይታይ» ብላ አስነስታኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስክሪኑ በነጭ ነጠብጣብ ተወረረ።

«የዓይን ሌንስዎን ሳያወልቁ ነው የሚተኙት?» አላት ሐኪሙ።

«አዎ» አለች ቀስ ብላ።

«የሱ ሥራ ነው። ከሰው የሚጋባ አይደለም።»

መኪና ውስጥ ገባን። ይቅርታ ልትለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ዞር ብላ አየችኝና፣ «አየሽ፣ አጋባሽብኝ» አለችኝ።