አንኮበር ችሎት ፊት ፊደል የቆጠርኩ ዕለት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ቄሱ አጎቴ ወንዶቹን ሲያስተምር ጥግ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ፣ ዳዊትም ደገምኩ፤ ከዚያ በላይ አልተማርኩም። ግን «እስቲ የአንኮበሩን ንገሪን» የሚለኝ ሰው በዛ። ስናገር ላብ ያጠምቀኛል። ስለዚህ ጽፌ ልስጥና የፈለገ ያንብበው፤ ሲያነብ ግን እኔ አጠገቡ አልኖርም።

ነገሩ የበቅሎ ነገር ነው። አባቴ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ያለ በቅሎ ቤተ ክርስቲያን እንኳ መድረስ አይችልም። ዳማዋ በቅሏችን አንድ የጉም ቀን ከደብረ ብርሃን ገበያ ጠፋች። ከወር በኋላ አንኮበር፣ አንድ ሰው ደጅ ታስራ ተገኘች። ሰውየው «የኔ ናት» አለ። እሱም እንደሷ ያለች ዳማ በቅሎ ጠፍታበት ኖሯል፤ ውሸታም ነው አልልም። ነገሩ ችሎት ደረሰና ቀን ተቆረጠ።

በአባቴ ፈንታ የምትሟገተው አክስቴ ነበረች፤ ምላሷ ለሁለት ሰው ይበቃል። ምስክሯ ግን እኔ ነበርኩ። በቅሎዋን በየቀኑ ውሃ የማወርዳት እኔ ነኝና ከኔ በላይ የሚያውቃት የለም። እኔ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምደበቅ ሰው ነኝ።

«ሦስት ቀን ቀደም ብለን እንሂድ» አለች አክስቴ። «አንኮበር የጨዋታ አገር ነው። ሰው ፊት እንዴት እንደሚቆም እያየች ትማራለች።»

«ለሷ ትምህርት ነው ወይስ ላንቺ ጨዋታ አምሮሽ?» አላት አባቴ።

«ሁለቱም ቢሆን ምን ቸገረህ?»

የመጀመሪያው ቀን ጠጅ ቤት ገብተን ባልና ሚስት አዝማሪዎች አየን። ባልየው ማሲንቆ ይመታል፣ ሚስትየው ትዘፍናለች። ከአክስቴ ኩታ ሥር ተሸጉጬ ብታየኝ፣ በአንድ ኩታ ሁለት ራስ ያላት ሴት ከደብረ ብርሃን መጣች ብላ ወዲያው ገጠመችብኝ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ይባስ ወደ ውስጥ ገባሁ።

በማግስቱ ከአልዩ አምባ የወጣ ነጋዴ ጦጣ ሲያጫውት ደረስን። ጦጣዋ ዱላ ትከሻዋ ላይ አጋድማ እንደ መኳንንት ትንጎራደዳለች፤ የሰውን ዓይን ፊት ለፊት ታያለች።

«እያት!» አለች አክስቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ። «ታፍራለች? ጦጣ በለጠችሽ እኮ!»

«እታለም፣ እሷ እኮ አትመሰክርም።»

ነጋዴው ሰምቶን ሳቀ። «ወላሂ፣ ብትመሰክርማ መጀመሪያ የምትከሰው እኔን ነበር!»

በሦስተኛው ቀን ጉግስ አየን። አንዱ ፈረሰኛ ሰው ሁሉ እያየው ጭቃ ላይ ተዘረጋ። ተነሣና ከተመልካቹ ጋር አብሮ ሳቀ። «አየሽ፣ ወድቆም አልሞተ» አለች አክስቴ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ችሎት ቆምን። ባላጋራችን ሲሟገት ማየት ለካስ ከጨዋታው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ሰው ሥራውን ትቶ እሱን ለማየት የድንጋይ ካቡ ላይ ወጥቷል። ኩታውን አደግድጎ፣ በዘንጉ መሬቱን እየመታ፣ ወደ ዳኛው ሄድ መለስ እያለ ሲናገር ባላጋራችን መሆኑን ረስቼ ሳቅኩ። አክስቴ ቆነጠጠችኝ።

የአክስቴ ተራ ደርሶ ስትጠራኝ ከኩታዋ ሥር ወጥቼ ዳኛው ፊት ቆምኩ።

«ምን ታውቂያለሽ ልጄ?» አሉ ዳኛው።

ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም።

«አይሰማም!» አሉ ካቡ ላይ ያሉት።

«ጌታዬ… በቅሏችን ፊደል ሳልቆጥርላት አትሄድም።»

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳቅ አልጽፈውም። እንዳልረሳ ብዬ ትምህርቴን የማጠናው ውሃ ሳወርዳት ነበር፤ እሷም ያንን ለመደች። ይህንን ለማስረዳት ግን ማን ጊዜ ሰጠኝ?

«ጌቶቼ፣ ቅኔም ሳትቀኝ አትቀርም!» አለ ባላጋራችን። «እንግዲያው ትቁጠርላት። ከሄደችላት በቅሎዋን ከአንድ ጉንዶ ማር ጋር ትውሰድ። ካልሄደች ግን በቅሎዋ የኔ ትሁን።»

ዳኛው ተስማሙ፤ አክስቴም «ይሁን!» አለች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

በቅሎዋን ሁለት ሰዎች እየጎተቱ፣ አንዱ ከኋላ እየገፋ አመጧት። ወሩን ሙሉ እንዲህ ነበር የከረሙት አሉ። መሐል ሜዳ ላይ ለቀዋት ሄዱ። ያለ እሷ አባቴ እግር እንደሌለው ታሰበኝ። ሰዉን ትቼ ጆሮዋን ብቻ እያየሁ «ሀ፣ ሁ…» አልኩ፤ ራሴም በቅጡ አልሰማሁት። አንድ ጆሮዋ ወደ እኔ ዞረ። «ሂ፣ ሃ፣ ሄ…» ብዬ ወደፊት ስራመድ፣ ያለ ልጓም ተከተለችኝ! ለን አልፈን፣ ሐን አልፈን፣ መ ላይ ትንፋሼ አጥሮኝ ቆምኩ። እሷም ቆመች።

«ሠ! ሠ ነው!» ብለው ጮኹ ከሰዉ መሐል ያሉ ዲያቆናት። በቅሎዋ ዞራም አላየቻቸው፤ እኔን ትጠብቃለች። በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም፤ «ሠ፣ ሡ፣ ሢ!» እያልኩ ሜዳውን ዞርን።

ባላጋራችን ዝም ብሎ አልተረታም። ቀረብ ብሎ «ሀ… ሁ…» አላትና ቀጣዩ ጠፋው። በቅሎዋ ፊቱ ላይ አነጠሰችበት። ፊቱን በኩታው ጠርጎ እሱም ሳቀ። «ተረታሁ» አለ።

በማግስቱ ማሩን ጭነን ለመንገድ ስንነሣ፣ ልጅ ያዘለች ሴት እየሮጠች ደረሰችብኝና ክንዴን ያዘች።

«እህቴ፣ የትናንትናዋ አንቺ ነሽ አይደል? ልጄ አለቀሰብኝና መጨረሻውን ሳላይ ሄድኩ። ዛሬ ከየት ነው የምትጀምሩት? ቆዪኝ፣ ባሌን ጠርቼው ልምጣ!»