የእማማ ዘነበች እጅ

አምስተኛ ክፍል እያለሁ፣ ዶራቪል ከተማ ካለው አፓርታማችን እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ሩቅ ነው ወይስ ቅርብ በሚል ቤታችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በፈረንጆቹ 2010ዎቹ ገና መጀመራቸው ነው። ትምህርት ቤቱ «ቅርብ ናችሁ» ብሎ አውቶቡስ ከልክሎናል። እናቴ ሆቴል አልጋ ለማንጠፍ በጠዋት ትወጣለች፤ አባቴ ከሌሊት የታክሲ ሥራው የሚመለሰው እኛ ከሄድን በኋላ ነው። ታናሽ ወንድሜ ናቲ ደግሞ ገና ኪንደርጋርተን የገባ፣ የጫማው ማሰሪያ አንድ ቀን እንኳ ታስሮ የማይውል ልጅ ነበር።

«እኔ በነሱ ዕድሜ ወንዝ ተሻግሬ ነው የተማርኩት» ይላል አባቴ።

«ያንተ ወንዝ እንደዚህ መንገድ ስድስት ሌይን ነበረው?» ትለዋለች እናቴ።

እኔ መሃላቸው ተቀምጬ እግሬን አወዛውዛለሁ። አርፎ መቀመጥ ያኔም አይሆንልኝም ነበር።

የገላገሉን እማማ ዘነበች ናቸው። ከእኛ በታች የምትኖረውን ልጃቸውን ሊያርሱ መጥተው በዚያው የቀሩ ሴትዮ ናቸው። «ግድግዳ ሳይ ከምውል ልጆቹን ላድርስ» አሉ። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም። እጃቸው ሻካራ ነው፤ ይሞቃል፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። አንዴ ከያዙ ደግሞ ጣት እስኪደነዝዝ አይለቁም። እኔ ልሮጥ እፈልጋለሁ፤ እሳቸው «ቀስ በይ እናቴ፣ ትምህርት ቤቱ አይሸሽ!» ይሉኛል። ከቪየትናሞቹ ሱቅ የዓሣ ሽታ፣ ከሜክሲኮዎቹ ዳቦ ቤት የትኩስ ዳቦ ሽታ እየተቀበለን በዝግታ እንሄዳለን። ዝግታው ያበግነኝ ነበር።

እማማ ዘነበች ግን አንድ አመል ነበረባቸው። መንገድ ዳር ብቻውን የቆመ ልጅ ካዩ ማለፍ አይችሉም። «ና አባቴ»፣ «ነይ እናቴ» ብለው እጁን ይዘው ያሻግሩታል። የማን ልጅ ነው ብለው አይጠይቁም፤ አገር ቤት በሳቸው ሰፈር መንገድ ላይ ያለ ልጅ የሁሉም ነበርና። ብዙም ሳይቆይ ከኋላችን ጭራ አበጀን። የሜክሲኮውም የቪየትናሙም ልጅ «ቁም!» የምትለዋን ቃል ለመደ፤ መኪና ሲመጣ ሁላችንም እኩል ቀጥ እንላለን።

አንድ ብርዳማ ጠዋት ትራፊክ መብራቱ ጋ ከናቲ የማይበልጥ ልጅ ቆሞ ያለቅሳል። እማማ ዘነበች «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» እያሉ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫውን ጠረጉለትና እጁን ያዙት። ልጁ ጭራሽ ጩኸቱን አቀለጠው፤ ወደ ኋላ ይጎትታል። አንዲት ሴት መኪናዋን አቁማ አየችንና ስልኳን አነሳች። ብዙም ሳይቆይ የፖሊስ መኪና አጠገባችን ቆመ።

ፖሊሱ ረዘም የምለዋን እኔን ጠየቀኝ፤ እኚህ ሴትዮ ልጁን ያውቁታል ወይ?

«አላውቀውም» አሉ እማማ ዘነበች ስነግራቸው። «ማወቅ አለብኝ እንዴ? መኪና ሊበላው!»

ይህን እንዳለ ብተረጉመው ልጅ ሰረቁ ተብለው እንደሚወሰዱ በዚያ ዕድሜዬም ገብቶኛል። «ጎረቤታችን ናቸው፤ ሁላችንንም የሚያሻግሩን እሳቸው ናቸው» አልኩት። ፖሊሱ ግን እጁን እንዲለቁት አዘዘ።

«እማማ፣ ልቀቁት ይላል።»

«እዚህ መኪና መሃል? አልለቅም!»

ፖሊሱ ወደሳቸው አንድ እርምጃ ሲራመድ የልጁ እናት ጸጉሯ እንደረጠበ፣ በነጠላ ጫማ እየሮጠች ደረሰች። ልጇን አቀፈችው። ከዚያ የልጇንና የእማማ ዘነበችን እጅ ባንድ ላይ ይዛ ለፖሊሱ በስፓኒሽ ብዙ ነገር አለችው። ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ብቻ ፖሊሱ ሄደልን።

የእማማ ዘነበች ልጅ ግን አልማረቻቸውም። «እማዬ፣ እዚህ አገር የሰው ልጅ አይነካም! ግሪን ካርድሽ ፔንዲንግ ነው፣ ገና አልወጣም፤ ሪኮርድሽ ላይ ቢገባስ?»

ከዚያ ወዲያ አብረውን አልወጡም። በማግስቱ በረንዳ ላይ ቆመው፣ እስክንታጠፍ ድረስ «እጁን ያዢው!» እያሉ ይጮሁ ነበር። የናቲን እጅ ያዝኩ። መብራቱ ጋ ስንደርስ ያ ያለቀሰው ልጅ ቆሞ ወደኋላችን እያየ እሳቸውን ይፈልጋል። ሲያጣቸው እጁን ለኔ ሰጠኝ። ያን ቀን መሮጥ አላማረኝም።

አሁን ከዶራቪል ብዙም በማይርቀው ዱሉዝ ነው የምኖረው። የልጄ ትምህርት ቤት ጣሪያው ከኩሽናዬ መስኮት ይታያል፤ እኔ ግን በየጠዋቱ በመኪና አደርሳታለሁ። የመኪናው ሰልፍ በእግር ከሚወስደው ጊዜ በላይ ይፈጃል፤ እኔም መሪውን በጣቴ እየደበደብኩ እቁነጠነጣለሁ። ያ ወንዝ ተሻጋሪ አባቴ እንኳ ዛሬ «ብቻዋን እንዳትለቂያት» ባይ ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት ልጄን አድርሼ ስመለስ፣ አንድ ትንሽ ልጅ መንገድ ዳር ቆሞ ያለቅሳል። መጀመሪያ ማን ያየኛል ብዬ ግራ ቀኙን ቃኘሁ። እማማ ዘነበች ግራ ቀኝ የሚያዩት ለመኪና ብቻ ነበር። ፓርክ አድርጌ ወረድኩና እጄን ዘረጋሁለት። ልጁ ሁለት እጆቹን ጀርባው ላይ ደብቆ ራቀኝ።

ልክ ነው። እኔም ልጄን ያስተማርኳት ይህንኑ ነው። የሚወስደው ሰው እስኪመጣ ሳልነካው አጠገቡ ቆምኩ፤ እጄን የት እንደማደርገው ግን ጠፋኝ።