ሁለት ዐይን ያለው የሄሮድስ ወታደር

መነሻ

ሆላንዳውያን ሰዓሊዎች ሃይማኖትንና ጦርነትን እንዴት እንደሳሉ አጠናለሁ። ታዲያ ሸኮ ምን ወሰደሽ ለሚለኝ፣ አንድ ፎቶ ነው። ሚዛን ከተማ የሚያስተምር የቀድሞ ተማሪዬ፣ ሄሮድስ የቤተልሔምን ሕፃናት ሲያስፈጅ የሚያሳይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላከልኝ። በሥዕላችን ወግ ጻድቅ በሁለት ዐይን፣ ክፉ ከጎኑ በአንድ ዐይን ይሣላል። እዚህ ግን አንዱ ወታደር ሁለት ዐይን አለው። "ስህተት ነው ብለው ወደ አዲሱ ሕንጻ ላያስገቡት ነው፤ ድረሺ" አለኝ።

ሚዛን

በጅማና በቦንጋ አድርገን ሚዛን ስንደርስ ወገቤ የእኔ አልነበረም። አጠገቧ ባለችው አማን ከተማ አድሬ፣ ጠዋት በአናናስና በሙዝ መሀል ተጣብቄ በሚኒባስ ወደ ሸኮ ተጓዝኩ። ግራ ቀኙ ቡና ነው፤ በዛፎቹ ጥላ ሥር ቀይ ፍሬ ይለቀማል። ጭቃ ሲይዘን ሁላችንም ወርደን ገፋን። ሾፌሩ "ዛሬስ ዶክተርም ገፋች!" ብሎ ሳቀብኝ።

ሸኮ

የአዲሱ ሕንጻ አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ታደሰና ሥዕሉን የሣለው የሟቹ ሰዓሊ ባለቤት እማማ ጌጤ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጠበቁኝ።

"ስህተት ተሸክመን አዲስ ቤት አንገባም" አሉ አቶ ታደሰ።

"ባሌ 'ሄሮድስን ያጸደቀ' እያሉ ሲስቁበት ነው የሞተው፣ ልጄ" አሉ እማማ።

በሸራው ላይ የቤተልሔም ጓሮ እንሰትና ቡና ነው። ስልኬን አውጥቼ የሆላንዶቹን ቤተልሔም አሳየኋቸው፤ ጣሪያው በረዶ ለብሷል።

"ቤተልሔም እንዲህ በረዶ ይጥላል እንዴ?" አሉ አቶ ታደሰ።

"ሰዓሊዎቹ ያዩትን ጦርነት በራሳቸው መንደር ነው የሳሉት" አልኳቸው።

"የኔውም ወታደር ነበር" አሉ እማማ በቀስታ። "ያየውን ግን አንድም ቀን አልነገረኝ።"

"እሺ፣ እንሰቱ ይሁን። ዐይኑስ?" አሉ አቶ ታደሰ።

ቢያንስ ቀርቤ ልየው ብዬ በለስላሳ ብሩሽ የጧፉን ጥላሸት ማራገፍ ጀመርኩ። የወታደሩ ፊት ጠራ፤ ከዚያ ካባው። ከካባው እጥፋት ሥር ትንሽ የሕፃን እግር ብቅ አለች።

ወታደሩ ልጅ ደብቋል።

እማማ ጌጤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "እኔም እኮ ተሳስቶ መስሎኝ ነበር" አሉ። "ይቅር በለኝ።"

አቶ ታደሰ ወደ በሩ ዞሩ። "ሸራውን የምትሸከሙ ኑ! ቀስ እያላችሁ፣ እንዳትቀዱት!"

ቤት

አዲስ አበባ ገብቼ ሻንጣዬን ሳልፈታ የሆላንዶቹን ሥዕሎች ዘረጋሁ። ስንት ዓመት የወታደሮቹን ሰይፍ ብቻ ሳይ ኖሬያለሁ። አሁን ካባቸውን እያየሁ ነው።