ባለ ሁለት ወንበሯ መኪና

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከካምባ ወደ አርባ ምንጭ የወረድኩት ለትምህርት ተብሎ ነው፤ ያረፍኩት ግን ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ አጎቴ ሻንቆ የመኪና ወንበር የሚያለብስበት ቤት ውስጥ ነው። ትምህርቱ በማታ ይሆናል ተባለ። ሆነም፣ አንድ መንፈቅ ያህል።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ምስማር መንቀል ነበር። የአንድ ሚኒባስ ወንበሮች ተፈትተው ግቢው ውስጥ ተደርድረዋል። አጎቴ ፒንሳና ካቻቢቴ ሰጠኝና "ልብሱ እንዳይቀደድ። ምስማሩን ብቻ ንቀል" አለኝ። አፉን የፈታው በጋሞኛ ስለሆነ አማርኛ ላይ ወንድና ሴት አይለይም። እኔን ሴቷን "አንተ" ይለኛል፣ ፍየሉን "አንቺ"፣ ሚስቱን ደግሞ እንደ ቀኑ ሁኔታ።

"ቢቀደድስ?" አልኩት።

"አሮጌው ልብስ የአዲሱ ልክ ነው። ከተቀደደ በምን ትቆርጣለህ?"

በእኛ ሙያ ሦስት ደረጃ አለ። ፈቺ ወንበሩን ከመኪናው ያወርዳል፣ አሮጌውን ልብስ ያወልቃል። ሰፊ የስፌት መኪናው ላይ ይቀመጣል። ቆራጭ ቆዳውንና ሸራውን ይለካል፣ ይቆርጣል። ቆራጭ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሰፊ ሲሳሳት ክር ይተረትራል፣ ቆራጭ ሲሳሳት ግን ቆዳው አለቀ።

እኔ ፈቺ ሆኜ ብዙ ቆየሁ። ቁጭ አድርጎ መቁረጥ ያስተማረኝ ሰው የለም። የፈታሁትን ልብስ መሬት ላይ ዘርግቼ፣ የቱ ከየቱ እንደተጋጠመ እያየሁ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ እየገለበጥኩ ለመድኩ። አጎቴ ወባ ይዞት በተኛ ጊዜ የአንድ ፒካፕ ወንበር ቆርጬ ሰፋሁ። ሲሻለው መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየው፣ ተቀመጠበት፣ ተነሣ። ማን ቆረጠው አላለም። በማግስቱ መቀሱን እኔ የምቀመጥበት ቦታ ላይ አገኘሁት።

ከወንበር ሥር የተገኘ ነገር የባለቤቱ ነው። የቤታችን ሕግ ይህ ነበር። የጸጉር ማስያዣ፣ የጠበል ጠርሙስ፣ አንድ እግር የሕፃን ጫማ ይገኛል። አንዴ የሴት ፎቶ አግኝቼ ለባለመኪናው ስዘረጋለት፣ አጠገቡ የቆመችው ሚስቱ ተቀበለችኝ። ፎቶው የእሷ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱን ለብቻው ጠርተን መስጠት ጀመርን።

አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ወደ እኛ የሚመጡት ወይ ሊሸጡ ነው፣ ወይ ላለመሸጥ ቆርጠው ነው። ሳይነግሩኝ መለየት ለመድኩ። ሊሸጥ የመጣ ቀለም ያማርጣል፤ "ሰው የሚወደው የትኛውን ነው?" ይላል። ሊያቆያት የመጣ ስለ ቀለም አይጠይቅም። ስፖንጁን በጣቱ ጫን ጫን ያደርግና "ወገቤን ይችላል?" ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ሊሸጥ መጥቶ ቀለም ከመረጠ በኋላ ስፖንጅ መጫን ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ሰው አላጣድፈውም።

ጋሽ ይልማን ያወቅኳቸው በዚህ መሃል ነው። ከጎጃም በቀያሽነት ተመድበው መጥተው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ እዚሁ ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ የቀሩ ሰው ናቸው። መኪናቸው ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና ናት፤ ቀይ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ። መንገድ ሊሠራ መጥቶ ከነበረ ጣሊያናዊ ነው የገዟት። በጣም አጭር ስለሆነች፣ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ስትወርድ የሚኒባስ ተሳፋሪዎች ቁልቁል ነው የሚያዩዋት። ባጃጅ ነጂዎች "ጋሼ፣ የቀረው ግማሿ የት ሄደ?" ይሏቸዋል። እሳቸው "እየመጣ ነው" ብለው ያልፋሉ።

መጀመሪያ ወንበሯን ሊያሳድሱ ሲመጡ "ምን ቀለም ይሁንልዎ?" አልኳቸው።

"ቀለም? ተቀምጠንበት አይደል እንዴ የምንውለው፤ ማን ያየዋል?" አሉና ስፖንጁን ጫን ጫን አደረጉት።

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ መኪናዋን የሚጠሯት "ይህ ቆርቆሮ" እያሉ ነው። ሲገቡ ጉልበታቸውን ይዘው "በስመ አብ" ይላሉ፤ ሲወጡ ሰው ይጎትታቸዋል። "ለሰው የማይሆን መኪና" ይላሉ። "ለቅሶ ቢኖር ጎረቤት አይጭን፣ ዘመድ ቢመጣ ከመናኸሪያ አያመጣ። ሽጠው እያልኩ ምላሴ አለቀ።" ይህን ያልሰማ ሰው ሴቻ ውስጥ አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ የጋሽ ይልማን ዓይን ሞራ ጀመረው። ከሴቻ ሲወርዱ መንገድ ዳር የቆመ የሙዝ ጋሪ ሳያዩ ገጩ። ሰው አልተጎዳም። ሙዙን ሰፈሩ በላው።

አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃቸው ሜሮን ይህን ሰምታ መጣች። ታከም ስትላቸው "ከፋሲካ በኋላ" ሲሏት ስንት ፋሲካ አልፏል። አሁን ግን ሌላ ነገር ይዛ ነው የመጣችው፤ መኪናዋ ትሸጥ አለች። ጋሽ ይልማ "እሺ" አሉ። ጋሽ ይልማ ለልጃቸው እምቢ ብለው አያውቁም፤ እሺ ያሉትንም አያደርጉትም።

ሜሮን አባቷን አስከትላ ወደ እኛ መጣች። "ገዢ ሊያያት ስለሆነ ወንበሩ ይታደስ" አለችኝ።

"ምን ቀለም?"

"ገዢ የሚወደው።"

አባቷ ከኋላዋ ቆመው ስፖንጅ ጫን ጫን ያደርጋሉ። አየኋቸው፣ ሜትሬን አወጣሁ።

ጥቁር ቆዳ በቀይ ክር ሰፋሁላት። ከሰፋሁት ሁሉ ያማረኝ እሱ ነበር። የመጀመሪያው ገዢ ከሐዋሳ የመጣ ባለሆቴል ነው። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ውላ ነበር። ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ወዲያው ወጣ። "ምን ሞቶባት ነው?" ብሎ ሄደ።

ሜሮን ለአጎቴ ደወለች፤ "ወንበሩ ይሸታል።" አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። "ማስቲሹ ነው። ሲያጣብቁ ካላደረቁት ይሸታል። አላደረቅከውም።"

"የማስቲሽ ሽታ አላውቅም እንዴ አጎቴ?"

"እንግዲያው ስፖንጁ ነው። የእኛ ነገር ነው ብቻ።"

ወንበሮቹን አስወርጄ ስፖንጁን ቀየርኩ፣ እንደገና አለበስኩ፣ ፀሐይ ላይ አዋልኩ። አፍንጫዬን ደፍቼ አሸተትኩ፤ ከቆዳ ሌላ ምንም የለም። መልሼ ገጠምኩ። ሁለተኛው ገዢ የሶዶ ነጋዴ ነበር። እሱስ ሳይገባም ነው የተመለሰው፤ በሩ ሲከፈት በቃው።

ወሬ በአርባ ምንጭ ሙቀት ቶሎ ይበስላል። "የሻንቆ ቤት ወንበር ይሸታል" ተባለ። የሚኒባስ ባለቤቶች ሥራ ሲረከቡ ጎንበስ ብለው ማሽተት ጀመሩ። አጎቴ ይህን ቆሞ አየና ማታውን ጠራኝ።

"ሦስተኛ ገዢ ይመጣል አሉ፣ ከአዲስ አበባ። እሱም ከሸሸ መቀሱን አስቀምጥ። ወደ ምስማርህ ትመለሳለህ።"

አጎቴ ቀልድ አያውቅም። መቀሱን ለማግኘት የፈጀብኝን ጊዜ ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሦስተኛው ገዢ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው ነው፤ በጠዋቱ አውሮፕላን ይመጣል ተባለ። እሱ ሳይደርስ መፍቻዎቼን ይዤ ሴቻ ወጣሁ። ሜሮን ግቢ ውስጥ ቆማለች። ጋሽ ይልማ የመኪናዋን ኮፈን በጨርቅ ይወለውላሉ፤ ያንኑ አንድ ቦታ ደጋግመው። እትዬ ጥሩወርቅ በረንዳ ላይ ምስር ይለቅማሉ።

መፍቻ ሳወጣ እትዬ ጥሩወርቅ ቀና አሉ። "ተይው ልጄ። የተሰፋ ነገር አይፈታም።"

"ብሎኑን ብቻ ነው እትዬ።"

እትዬ የሚቀመጡበትን ወንበር ፈትቼ አነሣሁት። ከሞላው ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ፣ በልጥ የታሰረ ነገር አለ። ፈታሁት። አምባዛ ነው። ጫሞ ሐይቅ አጠገብ ለኖረ ሰው አምባዛ አያስደነግጥም፤ ያስገረመኝ በዚያ ቤት መገኘቱ ነው። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ነው ብለው ድስታቸውን አያስነኩትም።

ባለቤቱን ለብቻው ጠርቶ መስጠት ነበር ወጉ። ግን ሽታው ሁሉንም ጠርቷቸው ነበር።

"ይህ የማን ነው?" አልኩ።

ሜሮን አፍንጫዋን ይዛ አባቷን አየች። "አባዬ፣ አልሸጥም ብትለኝ አይሻልም ነበር?"

ጋሽ ይልማ ዓይናቸው ስለማያይ እስኪነካቸው ድረስ ተጠጉት። "ምንድን ነው?"

"ዓሣ ነው ጋሼ" አልኳቸው።

"የእኔ አይደለም።"

"ታዲያ የማን ይሆናል? ቁልፉ ያለው ቤት ውስጥ ነው" አለች ሜሮን።

ጋሽ ይልማ ወደ በረንዳው አልዞሩም። ጨርቁን አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። "እሺ፣ የእኔ ነው እንበል" አሉ።

"ዝም በል ይልማ" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ከምስሩ ሳይነሡ። "አንተ አምባዛና ቆሮሶ መች ትለያለህ? እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከጫሞ ዓሣ ጭኖ በበራችን የሚያልፈው ልጅ ነው የሚያቀብለኝ። ገዢ ይመጣል ሲባል በዋዜማው ከወንበሩ ሥር አስገባና፣ ሲመለስ አወጣዋለሁ። አምባዛ ያስደረግኩት ሽታው ስለሚቆይ ነው።"

ሜሮን አፍንጫዋን ለቀቀች። "እማዬ፣ ሽጠው ሽጠው የምትይው አንቺ አይደለሽ?"

"እላለሁ። ሰው ፊት ምን ልበል? በዚህ ዕድሜዬ ከባሌ ጋር በቀይ መኪና መዞር እወዳለሁ ልበል?"

"ጉልበትሽ እንኳን አይችልላትም እኮ! ምኗን ወደድሽው?"

እትዬ ጥሩወርቅ ሰፌዱን አስቀመጡ። "ይህ ቤት ከተሠራ እንግዳ ጠፍቶበት ያውቃል? የአባትሽ የወንድሞቹ ልጆች እዚህ ተምረው ወጡ። የእኔ የእህቶቼም። የመሥሪያ ቤት ሰው፣ የማኅበር ሰው፣ ሊታከም የመጣ ሰው። ይሁን፣ ደስ ብሎኝ ነው ያበላሁት። አንቺም እስክታድጊ በመሃላችን ነው የተኛሽው። ከአባትሽ ጋር ሁለት ቃል የምነጋገረው የት ይመስልሻል? እዚያ ውስጥ ነው። ሦስተኛ ሰው አይገባባትም። ሰፊ መኪና ገዝተን ቢሆን ሰፈሩን ስናመላልስ እናረጅ ነበር።"

ጋሽ ይልማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እኔ ጠልተሻት ይመስለኝ ነበር" አሉ። "ሞተሯ ይጮህብሻል ብዬ ስንት ጊዜ አስጠግኛለሁ።"

"ባይጮህ ይሻላል። ሳይሰማህ ሲቀር ሁለቴ መናገር አለብኝ።"

"ዓይኑስ እማዬ?" አለች ሜሮን። "እኔ መኪናዋን ጠልቼ ይመስልሻል? ያን ቁልቁለት ሳያይ ሲወርድ፣ አንቺ አጠገቡ ነሽ።"

እትዬ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ትንሽ አዩዋት። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ። "ልጅቷ እውነቷን ነው። በዚህ ሳምንት አብረሃት ሄደህ ትታከማለህ። ፋሲካ አላልኩም።"

"እሺ" አሉ ጋሽ ይልማ። የዚህኛውን እሺ ያሉት ለሚስታቸው ስለሆነ፣ እንደሚያደርጉት ገባኝ።

ሰብሳቢው ሲደርስ ወንበሩ ገና መሬት ላይ ነበር። ኮፍያ ያደረገ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። መኪናዋን ሁለቴ ዞራት። ስለ ሽታው ምንም አላለም፤ አምባዛውን ቀድሜ አርቄ ቀብሬዋለሁ። "ባለቤቷ ፈቅደው ነው?" ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ይልማ ወደ በረንዳው አመለከቱ። "ባለቤቷ እሷ ናት።"

"ምሳ በልተህ ትሄዳለህ" አሉት እትዬ ጥሩወርቅ።

ገባው። ገበታ ላይ "ያሉኝን መኪኖች የሸጡልኝ ሁሉ ባል ወይ ሚስት የሞተባቸው ናቸው" አለን። "ሁለቱም በሕይወት እያሉ ስትሸጥ የመጀመሪያዋ ይቺ ልትሆን ነበር።" ከዚያ ሽሮውን አመሰገነ።

ወርጄ ለአጎቴ ነገርኩት። "ምን ነበር?" አለኝ።

"ዓሣ።"

"ማስቲሹ አይደለም?"

"አይደለም።"

"እኔም ብዬ ነበር" አለ። ያኔ ግን አላለም። መቀሱን ግን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ጋሽ ይልማ ታክመው እስኪድኑ መኪናዋ እንዳትንቀሳቀስ ቁልፏን ሜሮን ወሰደችው። ለሕክምናው ከመሄዳቸው በፊት የጣሪያዋን ሸራ ልለካ አንድ ከሰዓት ሴቻ ወጣሁ። በር ላይ ዘበኛው ለሁለት እንግዶች "ጋሼና እትዬ ወጥተዋል" ይላል። እንግዶቹ ሲሄዱ አስገባኝ። ሁለቱ ግቢው ውስጥ፣ በቆመችው መኪና ውስጥ፣ በሩን ዘግተው ተቀምጠው ያወራሉ። ሸራውን ሌላ ቀን ለካሁ።

አሁን ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። አብረውኝ ያሉት ወጣቶች፣ ሰው ለምን አሮጌ መኪና እንደሚያቆይና ለምን እንደሚሸጥ ይጠይቁኛል። ስለ ሞተር አላውቅም። እኔ እንዳየሁት፣ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ካለ ትቆያለች፣ ከሌለ ትሸጣለች። ለሥራችሁ የሚጠቅማችሁ ይህን ያህል ነው፤ ሁለቱንም ወንበር እኩል ተጠንቅቃችሁ ስፉ እላቸዋለሁ።

ያኔ ጋሽ ይልማ ሞራው ተገፎላቸው ተመለሱ። ሜሮንም ቁልፉን መለሰችላቸው። ከዚያ ወዲህ ለበዓል ስትመጣ አባትና እናቷ በመኪናዋ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄደው ይቀበሏታል። እሷ ሻንጣዋን ይዛ ባጃጅ ትሳፈርና ከኋላቸው ትከተላለች።