ከክሪኩ ሥር የተወሰደው ጣውላ

ሰይድ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ሰመራ ላይ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ጋሽ ተካ የጋራዡ ባለቤት ናቸው። ሐጂ ኡመር ከወሎ ወደ ዱብቲ ሲያልፉ ሊጠይቁን የገቡ የአባታችን ወዳጅ ናቸው። አራተኛው እኔ ነኝ።

ዛሬም ቢሆን አዋሽ ከተማ ላይ በቀትር መንገድ ስሻገር የጋለ ሬንጅ ከሸተተኝ፣ ልጆቼ እንደሚያውቁት፣ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከወሎ ወደ ሰይድ እወርድ ነበር። ጋራዡ መንገድ ዳር ያለ፣ አስፋልት የለበሰ አጥር የሌለው ሜዳ ሆኖ፣ ብረቱ እጅ የሚፈጅ፣ አየሩ ናፍጣ ናፍጣ የሚል፣ ጥላ ከቆመ መኪና ሥር ብቻ የሚገኝበት ነበር፤ ሰይድም ያን ጥላ "ኪራይ የሌለው አልጋ" እያለ ሾፌሮቹን ያስቅ ነበር። ጋሽ ተካ ግን የማይጣስ ሕግ ነበራቸው፦ ሙቀቱ ሬንጁን እንደ ሊጥ ስለሚያላላው፣ መኪና የሚያነሳው ክሪክ ሥሩ ወፍራም ጣውላ ሳይገባ አይቆምም።

ያን ቀን ሰይድ ተሳቢ ሊያነሳ ጣውላውን እንደያዘ ሐጂ ደረሱ። ወንበር የለም፤ መሬቱም አያስቀምጥም። ጣውላውን በእጅጌው ጠርጎ አነጠፈላቸውና "ወላሂ መሬት ላይ አይቀመጡም" አላቸው። ሐጂ የምን ጣውላ እንደሆነ ሳያውቁ መርቀውት ተቀመጡ። እሱም ክሪኩን ባዶ አስፋልት ላይ አቆመ።

"ጣውላውስ?" አሉ ጋሽ ተካ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ሐጂን ላስነሳቸው እንዴ ጋሼ?" አለ ሰይድ እየሳቀ። "አንድ ብሎን ናት፤ አጥብቄ ወጣሁ።"

ጋሽ ተካ ከብረቱ ይልቅ ነውሩን ፈሩ።

ሰይድ ከተሳቢው ሥር ሆኖ ሐጂን ስለ እናታችን ጤና ጠየቃቸው። ክሪኩ ቀስ እያለ ሬንጁ ውስጥ ሰመጠ፣ ዘመመ፤ የሐጂ መልስ ሳያልቅ ተሳቢው ወረደ።

ዛሬ በራሴ ጋራዥ ጣውላው ይገባል፣ የተነሳው መኪና በግንድ ይደገፋል፣ እንግዳ ሲመጣ ሥራ ይቆማል። ሠራተኞቼ ጨካኝ ይሉኛል። ይበሉኝ። አክብሮት ጥሩ ነገር ነው፤ ብረት ግን አያውቀውም።

ሰይድ ሕይወቱን ከፈለ። ጋሽ ተካ ጋራዡን ዘግተው አገራቸው ገቡ። የሚያስተምረኝ ሰይድ ስለነበር የእኔም ትምህርት እዚያው ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ሁሉ፣ የመኪና መለዋወጫ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቃቀምኩ። እናታችን እስክትሞት ድረስ ሐጂን "ስለ እኔ ምን ብሎ ጠየቀ?" እያለች ደጋግማ አስነገረቻቸው። ሐጂ አሁን በጣም አርጅተዋል። በሄዱበት ቤት ሁሉ ሰው ተነስቶ "ይቀመጡ" ሲላቸው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ።