ድንበር ላይ ያረፈ ቅንጣት

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጋሽ ቅንጣት» ይላቸው ነበር። ሚሊዮን ቅንጣቶች እንዴት እንደሚገፋፉና እንደሚጋጩ የሚያሰላውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻቸውን የጻፉት እሳቸው ናቸው። አብራቸው የምትሠራው ወጣት ባለሙያም ሙያውን ሀ ብላ የጀመረችው በእሳቸው እጅ ነው።

አዲስ ግዙፍ ኮምፒውተር ሊተከል ሲል ፕሮግራሙን ለእሱ የማሰናዳቱ ሥራ ለእሷ ተሰጠ። ማሽኑ ሥራን በሺዎች ለሚቆጠሩ ክፍሎች አከፋፍሎ በአንዴ ይሠራል፤ ስለዚህ ቅንጣቶቹ ያሉበት ምናባዊ ሳጥን እንደ ውርስ መሬት ይሸነሸንና ለእያንዳንዱ ክፍል ድርሻው ይሰጠዋል። ሲጀመር የነበረው የቅንጣት ቁጥር ሲያልቅም ያው መሆን አለበት። አልሆነም። በእያንዳንዱ ሙከራ ሦስት አራቱ ድራሻቸው ይጠፋል።

ሁለት ወር ለፋች። ማሽኑ ላይ ተራ የሚያዝበት ቀን ሲቃረብ አለቃው በስብሰባ መሃል ጥፋቱ የማን እንደሆነ አፋጠጣት። እሷም ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ችግሩ ያለው ጋሼ በጻፉት በአሮጌው የፕሮግራሙ ክፍል ነው አለች። እውነት መስሏት ነበር፤ የራሷን ሥራ ግን አንዴ እንኳ መለስ ብላ አላየችውም። ጋሼ ከጠረጴዛው ማዶ መነጽራቸውን ጠረጉ። ሊሆን ይችላል፣ አርጅቻለሁ ብለው ከማንም ቀድመው ሳቁ። በሳምንቱ ጡረታ ጠየቁ። በአምስተኛው ወር ልባቸው ቀጥ ብላ ሞቱ።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ስህተቱን አገኘችው። ቅንጣት ልክ ድንበሩ ላይ ሲያርፍ የግራው ክፍል የእኔ አይደለም ይላል፣ የቀኙም እንዲሁ፤ ቅንጣቱ ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ጋሼ ለድሮው ማሽን ሲጽፉ ይህን አስበውበት ነበር፤ ድንበር ላይ ያረፈ የግራው ነው የምትል አንዲት መስመር አስገብተዋል። ፕሮግራሙን ላፍጥን ብላ የሰረዘቻት ራሷ ናት። መስመሯን ስትመልሳት አንድም ቅንጣት አልጠፋም። ባልደረቦቿ አጨበጨቡ፤ እሷ ሽንት ቤት ገብታ ቆልፋ አለቀሰች።

በማግስቱ የጋሼ ባለቤት ዘንድ ሄደች። እትዬ ወንበር ስበው አስቀመጧት። ጥፋቱ የራሷ እንደነበር ሳትደብቅ ነገረቻቸው። እትዬም፣ ጋሼ ቤት ከዋሉ ጀምሮ የታተመውን ፕሮግራም አልጋው ላይ ዘርግተው ስህተታቸውን ሲፈልጉ ይውሉ እንደነበር፣ ምሳ ቀረበ ሲባሉ እንኳ እንደማይሰሙ አወሩላት።

«በእኔ ስህተት ልጅቷን በሰው ፊት አዋረድኳት፣ እያለ ነው የሞተው» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«እኔንማ ምን አደረግሽኝ፣ ልጄ? ይሄን መስማት የነበረበት እሱ ነው።»

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።